ጨቅላ ሕፃን ለምን ያቃስታል?

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሌሊቱን ያደረ ሰው የሚያውቃት አንዲት ድምፅ አለች። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን አየር ባስወጣ ቁጥር ከጉሮሮው አጠር ያለች የማቃሰት ድምፅ ትወጣለች፤ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፣ የአፍንጫው ግራና ቀኝ ይርገበገባል፣ ከዚያም ድምፅዋ እንደገና ትመጣለች። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ይህችን ድምፅ ስሰማ የምረዳው ሕፃኑ መታመሙን ብቻ ነበር። በካርዱ ላይ «ያቃስታል» ብዬ እጽፍና ኦክስጅን ከፍቼ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፋለሁ። ለምን እንደሚያቃስት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ከኬፕታውን የወጣ አንድ የጥናት ጽሑፍ ሳነብ ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሃሪሰንና ባልደረቦቻቸው የሚያቃስቱ ሕፃናትን ሲከታተሉ፣ ቱቦ በድምፅ አውታራቸው በኩል ሲገባ ማቃሰቱ እንደሚጠፋ፣ ማቃሰቱ ሲጠፋም በደማቸው ያለው ኦክስጅን እንደሚወርድ፣ ቱቦው ወጥቶ ሕፃኑ ማቃሰቱን ሲቀጥል ደግሞ ኦክስጅኑ እንደሚመለስ አስተዋሉ። ሕፃኑ ጉሮሮውን ጠበብ አድርጎ የሚወጣውን አየር በከፊል የሚይዘው፣ የሳንባው ጥቃቅን ከረጢቶች ጨርሰው እንዳይከደኑበት ነው። ያቺ ድምፅ የሥራ ድምፅ ናት። በ1971 በሳን ፍራንሲስኮ ጆርጅ ግሪጎሪ ይህንኑ የሕፃኑን ዘዴ በመሣሪያ አግዘው ያለማቋረጥ ግፊት ያለው አየር ለ20 ሕፃናት ሰጡ፤ 16ቱ ተረፉ። ዛሬ በየክፍላችን በውሃ ጠርሙስ ውስጥ አረፋ እያወጣ የሚያድረው ሲፓፕ የተባለው የዚህ ዓይነት መሣሪያ የዚያ ማቃሰት ትምህርት ነው።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ያስጨነቀኝ ነገር ሌላ ነበር። እኔ በየሌሊቱ የሰማሁትን ድምፅ እነዚያም ሰምተውታል፤ ልዩነቱ እነሱ መጠየቃቸው ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ የዕለት ሥራ የሚሆንበት ቦታ እንዴት እንደተፈጠረ ለማወቅ ስፈልግ፣ መንገዱ ወደ አንድ የሳይንስ ማኅበርና ማኅበሩን ወደ ወለዱት ሰዎች ወሰደኝ።

ማኅበሩ ኒዮናታል ሶሳይቲ ይባላል፤ በ1959 በብሪታንያ ተመሠረተ። በዚያ ዘመን አዲስ የተወለደ ሕፃን የማንም አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዋላጁ ሐኪም ዓይኑ በእናቲቱ ላይ ነበር፤ የሕፃናት ሐኪሙ ከፍ ያሉትን ልጆች ያክም ነበር፤ ስለ ፅንስ ደም ዝውውርና ስለ መጀመሪያዋ ትንፋሽ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት የሰውነትን አሠራር የሚያጠኑ ፊዚዮሎጂስቶች ደግሞ በቤተ ሙከራቸው ከበጎችና ከጥንቸሎች ጋር ነበሩ። ማኅበሩ እነዚህን ሰዎች በአንድ አዳራሽ አስቀመጣቸው። በእኔ ግምት ከሠራው ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው፤ ሐኪሙ በአልጋው አጠገብ ያየውንና ያልገባውን ነገር ይዞ ይመጣል፣ ፊዚዮሎጂስቱ ደግሞ በበጉ ላይ ያገኘውን ይናገራል፣ ሁለቱም በጥያቄ ይፋጠጣሉ። በዚያው በ1959 በቦስተን ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጀሬ ሚድ፣ በመተንፈስ ችግር የሞቱ ጨቅላዎች ሳንባ ከረጢቶቹን ከፍቶ የሚያቆየው ሰርፋክታንት የተባለው ቅባት መሰል ነገር እንደጎደለው አሳዩ። ዕውቀቱ በየአገሩ በአንድ ጊዜ እየበሰለ ነበር፤ የሚሰበስበው ያስፈልገው ነበር።

ማኅበሩ ግን ከባዶ አልተነሣም። ከእርሱ በፊት ጆሴፍ ባርክሮፍት ነበሩ። ባርክሮፍት የካምብሪጅ ሰው ናቸው፤ ደም ኦክስጅንን እንዴት እንደሚሸከም ሲያጠኑ ኖረው በ1921 መጨረሻ ወደ ፔሩ ተጉዘው በሴሮ ደ ፓስኮ ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መረመሩ። ዕድሜያቸው 60 ሲደርስ፣ ሌላው ሰው ጡረታ በሚያስብበት ሰዓት፣ ወደ በግ ፅንስ ዞሩ። ፅንስ የሚኖርበት የኦክስጅን መጠን በከፍተኛ ተራራ ላይ ካለ ሰው ጋር የሚመሳሰል መሆኑ «በማህፀን ውስጥ ያለ ኤቨረስት» የሚለውን አባባል አመጣ። ስሜን ተራራ ላይ ወጥቶ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ምሳሌው ይገባዋል። ጥያቄውም ከዚያ ይቀጥላል፦ ይህ በተራራ ጫፍ የሚኖር ፍጡር በተወለደ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሜዳ ሲወርድ ሰውነቱ ምን ያደርጋል?

ለዚህ መልስ የተደከመበት ዋናው ቦታ ኦክስፎርድ ነው። በአሮጌው የራድክሊፍ የከዋክብት መመልከቻ ሕንፃ ውስጥ የነበረው የናፊልድ የሕክምና ምርምር ተቋም በ1940ዎቹ ባርክሌይ፣ ፍራንክሊንና ፕሪቻርድ የተባሉ ተመራማሪዎች የበግ ፅንስ ደም ዝውውርን በኤክስሬይ ተንቀሳቃሽ ፊልም የቀረጹበት ነው። በ1948 ጄፍሪ ዶውዝ በ30 ዓመታቸው የተቋሙ ኃላፊ ሆኑ፤ እስከ 1985ም መሩት። የፅንስ ፊዚዮሎጂ ዛሬ ያለው መልክ ከእኚህ ሰው ተነጥሎ አይነገርም።

ዶውዝ፣ ጆአን ሞትና ባልደረቦቻቸው በ1950ዎቹ ያሳዩትን ነገር ዝግ ብዬ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ዛሬ እያንዳንዱ አዋላጅ የምትሠራው ሥራ በእርሱ ላይ ቆሟል። ፅንሱ ኦክስጅኑን የሚያገኘው ከእንግዴ ልጁ በእትብት በኩል ነው፤ ሳንባው በፈሳሽ ተሞልቷል፣ የሳንባው የደም ሥሮችም ጠበው ተጨብጠዋል። ስለዚህ ከልብ የሚወጣው ደም አብዛኛው ሳንባውን ትቶ በሁለት አቋራጮች ያልፋል፤ አንዱ በልብ ግድግዳ ላይ ያለ መስኮት ነው፣ ሌላው ዳክተስ አርቴሪዮሰስ የሚባለው አጭር የደም ቧንቧ ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች በበግ ፅንስ እንዳዩት፣ ሳንባው አየር ተሞልቶ ሲነፋ የተጨበጡት የደም ሥሮች ይለቀቃሉ፤ ደም ወደ ሳንባው ይጎርፋል፤ ወደ ግራ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚበዛ መስኮቱ እንደ በር ከወዲያ ተገፍቶ ይዘጋል፤ በአጭሩ ቧንቧ ውስጥ የነበረውም ፍሰት አቅጣጫው ይለወጣል። ይህን ሁሉ የሚያስጀምረው የሳንባው በአየር መነፋት ነው። ሲወለድ የማይተነፍስ ሕፃን ሲያጋጥም በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባው ከረጢት) አየር ስጡት ተብሎ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ሥልጠና ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው። እግር ተይዞ መቆልቆልና ጀርባ መጠብጠብ ይህን በር አይዘጋም።

ከማኅበሩ ሰዎች ሁሉ የማደንቃቸው ኤልሲ ዊዶውሰን ናቸው፤ ከ1978 እስከ 1981 ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ዊዶውሰን ከሮበርት ማካንስ ጋር ለብዙ አሥርት ዓመታት ስለ ምግብና ስለ ሰውነት ይዘት የሠሩ ሴት ናቸው። የተለያዩ እንስሳት ሲወለዱ ሰውነታቸው ምን እንደያዘ ሲለኩ የሰው ልጅ ከክብደቱ 16 በመቶ ያህሉ ስብ ሆኖ እንደሚወለድ፣ የአሳማ ግልገል ግን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ስብ እንዳለው አገኙ። ቁጥሩ ደረቅ ይመስላል። ነገር ግን ያ ስብ የሚከማቸው በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ነው፤ በሰባት ወሩ የመጣ ልጅ ይህን ስንቅ ሳይሰንቅ መጥቷል ማለት ነው። ከዚህ አጠገብ በ1964 የወጣው የዶውኪንስና የኸል ሥራ ይቆማል፦ አዲስ የተወለደ የጥንቸል ግልገል ሲበርደው በትከሻው መካከል ያለው ቡናማ ስብ እንደ ምድጃ ነዶ እንደሚያሞቀው አሳዩ። ጨቅላ ሕፃን እንደ እኛ አይንቀጠቀጥም፤ ስለዚህ ብርዱን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም፣ በእጅ መንካትና በቴርሞሜትር መለካት ያስፈልጋል። ስቡ ሲነድ ኦክስጅን ይበላል፤ ሳንባው የደከመ ሕፃን ሲበርደው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በቦጎታ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተጀመረውና በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተፈትኖ ውጤቱ በ2005 የታተመው የካንጋሩ እንክብካቤ፣ ማለትም ልጁን እርቃኑን በእናቱ ደረት ላይ ማዋል፣ የጎደለውን ምድጃ መተካት ነው።

አሁን ወደ ኒውዚላንድ ልሂድ፤ የዚህ ታሪክ ልቡ ያለው እዚያ ይመስለኛል። ግራሃም ሊጊንስ በኦክላንድ በብሔራዊ የሴቶች ሆስፒታል የሚሠሩ የማህፀን ሐኪም ነበሩ። የያዙት ጥያቄ ስለ ሳንባ አልነበረም፤ ምጥ የሚጀምረው በምንድን ነው የሚል ነበር። በአማርኛ እርጉዝ ሴት ልትወልድ ስትል «ቀኗ ደረሰ» እንላለን፤ ቀኑን የእናቲቱ እናደርገዋለን። ሊጊንስ ግን በበግ ላይ ያገኙት የሚያስገርም ነበር። በ1967 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ሥራ፣ በፅንሱ አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የተባለ ሆርሞን አመንጪ እጢ ሲጠፋ በጊቱ ቀኗ አልፎም ሳትወልድ ትቆያለች። በተቃራኒው ለፅንሱ ኮርቲሶልን የመሰለ ሆርሞን ሲሰጥ ቀኗ ገና ሳለ ምጥ ይመጣባታል። በበግ ዘንድ ቀኑን የሚቆርጠው ግልገሉ ነው። (በሰው ነገሩ እንዲህ ቀጥተኛ አለመሆኑ በኋላ ተረጋግጧል።)

የበግ እርግዝና 147 ቀን ገደማ ነው። አንድ ቀን ሆርሞኑ ከተሰጣቸው ግልገሎች አንዱ በ117ኛው ቀን ተወለደ። በዚህ ዕድሜ የግልገል ሳንባ አየር የማያስገባ፣ ሲቆርጡት እንደ ጉበት የጠጠረ ነው፤ ተወልዶ መተንፈስ አይጠበቅበትም። ይህ ግን ይተነፍስ ነበር። ብዙ አልቆየም፤ ሞቶ ሲመረመር ሳንባው በከፊል አየር ይዞ ተገኘ። ይህችን ቅጽበት ደጋግሜ አስባታለሁ። ሊጊንስ የፈለጉትን መልስ፣ ማለትም የምጡን መነሻ፣ አግኝተዋል፤ የሞተውን ግልገል ትተው ወደ ሥራቸው ቢመለሱ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን ያልጠበቁትን ሳንባ አዩት። በ1969 በታተመው ጽሑፋቸው ሆርሞኑ የሳንባውን መብሰል ሳያፋጥን አልቀረም ብለው አሰፈሩ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ደግሞ ከግኝቱ የማያንስ ነው። የሕፃናት ሐኪም ከሆኑት ከሮስ ሃዊ ጋር በመሆን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ ሊወልዱ በተቃረቡ እናቶች ላይ በዕጣ የተመደበ ሙከራ ጀመሩ። በ1972 የታተመው ውጤት 282 እናቶችን ይዟል። በእናታቸው በኩል ቤታሜታዞን የተባለውን ኮርቲሶል መሰል መድኃኒት ካገኙት ልጆች የመተንፈስ ችግር የያዛቸው 9.0 በመቶ ሲሆኑ ካላገኙት 25.8 በመቶ ነበሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱት 3.2 በመቶ ከ15.0 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ነው። ለእናትየው በጡንቻ የሚሰጥ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ መርፌ ነበር።

በዚያው በ1972 ዶውዝና ሊጊንስ ስማቸው በአንድ ጽሑፍ ላይ ሰፍሮ እናገኘዋለን። በጊቱ ነቅታ ቆማ እየበላች ሳለ ፅንሷን ለቀናት መከታተል የሚያስችሉ ስስ ቱቦዎች ቀደም ብለው ተፈጥረው ነበርና፣ ሰመመን ባልተሰጠው የበግ ፅንስ ላይ በማህፀን ውስጥ የመተንፈስ እንቅስቃሴ መኖሩን፣ እሱም ዓይኖች ከሚንቀሳቀሱበት የእንቅልፍ ዓይነት ጋር አብሮ መሄዱን አሳዩ። ግልገሉ አየር ሳያይ ትንፋሽን ይለማመዳል። ከኦክላንድ እስከ ኦክስፎርድ ያለውን ርቀት ያሳጠረው እንዲህ ያለው መቀራረብ ነው። በ1970ዎቹ የፅንስና የጨቅላ ፊዚዮሎጂ ማኅበር የሚል ስም የያዘ ሌላ ዓመታዊ ስብሰባም ተጀመረ፤ ከአገር አገር እየተዘዋወረ ወጣት ተመራማሪዎች ገና ያልበሰለ ውጤታቸውን በታላላቆቻቸው ፊት የሚያቀርቡበት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ያሳዝነኛል። መርፌው በ1972 ታወቀ፤ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጉባኤ በሰፊው ይሰጥ ተብሎ የተመከረው በ1994 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት። በመካከሉ ተጨማሪ ሙከራዎች ተሠርተዋል፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ስለነበሩ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲታዩ አላሳመኑም፤ ሐኪሞችም ሆርሞን ለፅንስ መስጠት በኋላ ምን ያመጣ ይሆን ብለው ፈሩ። ሙከራዎቹ ተደምረው ሲታዩ ግን መልሱ ግልጽ ነበር። ኮክሬን የተባለው የጥናት ማጠቃለያ ድርጅት አርማ ላይ ያሉት አግድም መስመሮች የእነዚህ ሙከራዎች ሥዕል ናቸው፤ በወቅቱ ቢደመሩ ኖሮ ብዙ ሕፃናት በተረፉ ነበር የሚለውን እንዲያስታውስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ፍርሃቱን አልንቀውም። ጨቅላዎችን የሚያክም ሰው የኦክስጅንን ታሪክ ያውቃልና፦ በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ያለ ገደብ የተሰጠ ኦክስጅን በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን አሳወረ፤ ከዚያ ተደንግጦ ኦክስጅኑ ሲገደብ ደግሞ ኬኔዝ ክሮስ በ1973 እንዳሰሉት አንድ ሕፃን ከመታወር ለማዳን 16 ያህል ሕፃናት ሞቱ። ያም ሆኖ ከፍርሃት የሚያወጣው መለካት ነው፤ የተለካው ነገር በእጅ ሳለ ሃያ ዓመት መቆየት ሌላ ነገር ነው።

ጉዳዩ ለእኛ አገር ሩቅ አይደለም። በ2016 እና በ2018 መካከል በኢትዮጵያ በተመረጡ ሆስፒታሎች ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ 4,919 ሕፃናትን የተከታተለው ጥናት ከሞቱት 1,109 ሕፃናት 45 በመቶው የሞቱት በዚሁ ሳንባ ባለመብሰል በሚመጣ የመተንፈስ ችግር መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ መርፌውን በየቦታው አዳርሱ ማለት ቀላል ይመስላል፤ እኔም አንድ ሰሞን እንዲያ እል ነበር። በስድስት አገሮች ተሠርቶ በ2015 የታተመው ትልቅ ሙከራ ግን አስተሳሰቤን አረመው። የእርግዝናው ሳምንት በትክክል በማይታወቅበት፣ ለተወለደው ልጅም በቂ እንክብካቤ በማይገኝበት አካባቢ መርፌውን በብዛት ማዳረስ ለትንንሾቹ አልጠቀመም፣ በአጠቃላይ ሲታይም የጨቅላዎችን ሞት ከፍ አደረገ። በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በባንግላዴሽ ሆስፒታሎች 2,852 እናቶችን ይዞ፣ ሳምንቱን በአልትራሳውንድ አረጋግጦ ሲሞክረው ግን የጨቅላዎች ሞት ከ23.5 ወደ 19.6 በመቶ ወርዶ ተገኘ። መርፌው አንድ ነው። የተለየው ሳምንቱን ማወቅና ልጁን የሚቀበለው ክፍል ነው።

ባለፈው ክረምት ከከተማ ውጭ የመጣች ወጣት እናት ወደ ማዋለጃ ክፍል ገባች። ሽርት ውሃዋ ፈሶ ነበር፤ «ቀኔ ገና ነው፣ ሁለት ወር ይቀረኛል» ትላለች። በእጇ የያዘችው የአልትራሳውንድ ወረቀት 31 ሳምንት ይላል። ሲስተሯ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን (የቤታሜታዞን ወገን የሆነውን መርፌ) ወጋቻት፤ ሁለተኛው በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሦስተኛው እንደገና ሌሊት ስምንት ሰዓት ተሰጠ። አራተኛው ሳይደርስ ወለደች። ልጁ 1,450 ግራም ነበር። ወደ እኛ ክፍል ሲመጣ ያቃስት ነበር፤ ሲፓፑን አድርገንለት የመጀመሪያዋን ሌሊት ሲያቃስት አደረ።

በሁለተኛው ቀን ማታ እናትየው ነጠላዋን ተከናንባ ከአልጋው አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ ተለዋውጧል። «ዶክተር፣ ዝም አለብኝ» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ደረቱ በእርጋታ ይነሣል ይወድቃል፣ ከንፈሩ ቀልቷል። አይዞሽ፣ ማቃሰቱን የተወው ስላልፈለገው ነው አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ልጇን ስታይ ቆየችና፣ «ታዲያ ትናንት ለምን ነበር የሚያቃስተው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁና ከጉሮሮው ጀምሬ ነገርኳት።